ባለ አሥር ግራሟ ከረጢት

ትናንት፣ የጋገርኩትን ድፎ የእህቴ ልጅ ሜሮን ቆርሳ ቀመሰችና ቁራሹን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው። «አጎቴ፣ ይሄ የእማዬ ዳቦ አይደለም» አለችኝ። ነገ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ልደቷ። የእማዬን ዳቦ እጋግርልሻለሁ ብዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ዱቄቱም እርሾውም በእናቷ፣ በእቴቴ ደብተር እንደተጻፈው ነው፤ ጨውንም ከወልድያ በገዛሁት የባትሪ ሚዛን አሥር ግራም ለክቻለሁ። ምን እንደጎደለ ግራ ገብቶኝ ደብተሩ የነበረበትን ጣሳ ስበረብር፣ ጥቁር አዝሙድ የምትሸት ትንሽ የጂንስ ከረጢት እጄ ላይ ወደቀች። በላይዋ በክር «10» ተብሎ ተጠልፎባታል።

እቴቴ የምላት ታላቅ እህቴን የሺን ነበር። ወልድያ የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ወስዳ መርሳ ስትመለስ፣ በግራም ካልተለካ ምንም አልሠራም አለች። ሚዛን ግን አልነበረንም። የልብስ መስቀያ ወስዳ ምስማር ላይ አንጠልጥላ በሁለቱ ጫፎቹ የጣሳ ክዳን በሲባጎ አሰረችበት፤ ከአሮጌ ሱሪዬ ከረጢቶች ሰፍታ የወንዝ አሸዋ ሞላችባቸውና በባለሱቁ ሚዛን አስተካክላ አመጣቻቸው። ጨው መመዘን የእኔ ሥራ ሆነ። አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። «አሥር ግራም ስንት ሚሊግራም ነው?» ትለኛለች፤ «አሥር ሺህ» እላለሁ፤ ተሳስቼ ሺህ ካልኩ አፍንጫዬ ላይ ሊጥ ትለጥፍብኛለች። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዴ ለሊጡ ብዬ እሳሳት ነበር።

በፋሲካ ዋዜማ ከረጢቶቹ ቆሽሸው አየሁና፣ እሷን ደስ ይበላት ብዬ፣ በሳሙና ፈትጌ አጠብኳቸው። ጨምቄም እንደረጠቡ ጨው መዘንኩባቸው። ውሃ እንደሚከብድ... አላሰብኩም። በማግስቱ ጎረቤታችን አባባ ይመር፣ በጭነት መኪና ጨው ሊጭኑ አፋር ሲመላለሱ የኖሩ ሰው፣ አንዴ ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የሺ፣ ዳቦ ነው አሞሌ? ጨው እዚሁ ካለ እኔን አፋር ድረስ ምን አንከራተተኝ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እቴቴ ግን፣ «እጄ ስቶብኝ ነው አባባ፤ ጠላውን ደገም ያድርጉበት» አለቻቸው። እንግዶቹ ሲሄዱ ጓዳ ጠራችኝ።

«አሥር ግራም ስንት ሚሊግራም ነው?»

«አሥር ሺህ።»

«አሥር ሺህ ጊዜ ይቅር ብዬሃለሁ። በል አሁን አሥሯን አምጣት፤ ስትፈትጋት ልትቀድዳት ነበር።»

የሳሳውን ጥግ በሌላ የጂንስ ቁራጭ፣ በወፍራም ክር ጣፈችው።

ያችን ከረጢት ትናንት የባትሪው ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት። አሥራ ሁለት አለኝ። እንደገና አነሳሁና አስቀመጥኩ። አሥራ ሁለት። መጣፊያው ሁለት ግራም ነበር። ሜሮን የተወለደችው ከዚያ ፋሲካ በኋላ ነው፤ የእናቷ ዳቦ በደብተሩ አሥር፣ በምላሷ ግን አሥራ ሁለት ነው። እቴቴ ይህን ታውቅ ነበር? የምጠይቀው ሰው የለም። ብዙ ነገር አብሯት ሄዷል፤ ድምፅዋ፣ ሳቋ፣ ስትቆጣ ስሜን የምትጠራበት ዜማ። ይህን የሚመዝን ሚዛን ወልድያም አይገኝም።

ዛሬ መስቀያውን ምስማሩ ላይ አንጠልጥዬ ጨውን በከረጢቷ መዝኜ ጋገርኩ። ሜሮን ቀመሰች። ሁለተኛውን ቆረሰች፤ ሦስተኛውንም።

«ሁለት ግራም ስንት ሚሊግራም ነው?» አልኳት።

«ሁለት መቶ!» አለች፣ አፏ እንደሞላ።

ለነገው ልደት የማቦካው ሊጥ ገና ጣቴ ላይ ነበር፤ ወደ አፍንጫዋ ዘረጋሁት።