በሰው ግቢ የቆመው ጎተራ

ባሮ ወንዝ ዳር ለጎብኚ በታደሰው አሮጌ ቤት ግቢ ውስጥ የአያቴ ጎተራ ቆሟል። ቫርኒሽ ቀብተውታል፤ ጠጋ ስል ግን ውስጡ ዛሬም በቆሎ በቆሎ ይሸታል። አቦቦ ሳለን አያቴ ምስጥ እንዳይበላው እግሮቹ ላይ አመድ ይነሰንስ ነበር።

ለበዓል ማሳያ እንፈልገዋለን ያሉ የቢሮ ሰዎች መጥተው ወረቀት ሰጡት። ማንበብ ስለማይችል ለእኔ አቀበለኝ። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ።

«አንቺ ተማሪ፣ ከበዓሉ በኋላ ይመልሱልኛል ይላል?»

ወረቀቱ የሚለው «ለዘለቄታው» ነበር። ሰዎቹ ቆመው ያዩኛል። ፈራሁና «አዎ፣ ይላል» አልኩት።

«በሉ ውሰዱት። አመዱን ብቻ እንዳትረሱ፣ ይህ የእናንተ ቢሮ አይደለም፣ ምስጥ ይበላዋል» አላቸው እየሳቀ፤ በአውራ ጣቱም ፈረመ።

ዛሬ አስጎብኚው «ባለቤቱ በደስታ ያበረከቱት ነው» አለን። አሁንም ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። አያቴ እስኪሞት ድረስ ጎተራው የነበረበትን ቦታ ሲያርም ኖረ፤ ማንም እንዲዘራበት አልፈቀደም።