በፋሲካ ማግስት ወደ ግብፅ

ግብፅን በአውቶቡስ እንዙራት ያለው ባለቤቴ ነው። ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም። አንድ አርብ ከሰዓት፣ እስራኤል ውስጥ በምንኖርበት በሀደራ ከተማ፣ ናሓል ሀደራ በሚባለው ወንዝ ዳር፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ካርታ ዘረጋና ነፋሱ እንዳይወስድበት ጫፍ ጫፉን በድንጋይ አስያዘው።

«አብረውኝ ከሠራዊቱ የወጡት ልጆች አንዱ ሕንድ ነው፣ አንዱ ፔሩ ነው» አለኝ። «እኛስ ከቤት ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ ቤት ስንል ልናረጅ ነው?»

ጣቱን ቴል አቪቭ ላይ አሳረፈና በሲና በኩል አሻግሮ፣ አባይን አስይዞ እስከ አስዋን ነዳው።

«ከዚያ ወዲያ ሱዳን ነው» አልኩት ከጣቱ በታች ያለውን እያየሁ።

«እኛ አስዋን ላይ እንመለሳለን።»

«እንሂድ!» አልኩት። ሊያግባባኝ ያዘጋጀው ረጅም ንግግር ነበረው፤ ሳይጀምረው ቀረ።

ከባዱ ነገር ለወላጆቼ መንገር ነበር። ሀደራ ዳር ባለው ሰፈር፣ ጊቫት ኦልጋ፣ የባሕሩ ነፋስ መጋረጃውን ከሚያርገበግብበት ቤታቸው ሄደን ተቀመጥን። ፋሲካ ገና ማለቁ ነው። አባቴ ባለቤቴን እስኪጨርስ ሰማውና፣ «ከግብፅ የወጣንበትን በዓል አክብረን፣ የቂጣው ፍርፋሪ ከገበታው ሳይነሣ፣ ተመልሳችሁ ልትገቡ?» አለ።

«አባባ፣ ለቲዩል ነው እኮ፤ ለሽርሽር» አለ ባለቤቴ አንገቱን ሰበር አድርጎ። «ሁለት ሳምንት ቆይተን እንመለሳለን፤ እርስዎ አያስቡ።»

«የያዕቆብ ልጆችም እህል ሸምተን እንመለሳለን ብለው ነበር የወረዱት። አራት መቶ ዓመት ቆዩ!»

እናቴ ደግሞ በጀርባ የሚታዘሉትን ሁለት ትልልቅ ቦርሳዎች አገላብጣ አየቻቸው። «የልጅ ልጄን ታዝልልኛለች ብዬ ስጠብቅ ጨርቅ ልታዝል ነው» አለችና ሳቋ አመለጣት። እሷ ከሳቀች አባቴ ብቻውን ሊቆጣ አልቻለም። መረቀን።

ከሀደራ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ድንበሩ ላይ አውቶቡስ ቀየርንና ቀኑን ሙሉ በሲና አሸዋ ውስጥ ሄድን። አሸዋ፣ ግመል፣ የተቃጠለ ታንክ፣ ደግሞ አሸዋ። የስዊዝ ቦይ ስንደርስ አውቶቡሱ እኛን እንደያዘ ሰፊ ጀልባ ላይ ወጣ። ባለቤቴ መቀመጫው ላይ መቀመጥ አቃተው፤ እየተነሣ በዚህም በዚያም መስኮት ያያል።

«ሙሴ በበትር፣ እኛ በጀልባ!» እያለ ጎኔን ይጎሽመኛል።

ካይሮ ሙቀቷ ከጩኸቷ፣ ጩኸቷ ከሙቀቷ የሚበልጥ ከተማ ናት። በመንገዷ ስንሄድ አንድ ነገር ልቤን አዘለለው። ሰዎቹ የሚሉት ይገባኝ ነበር። ሁሉም አይደለም፤ እንዲያው እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል። ና፣ ሂድ፣ ዳቦ፣ ይበቃል። ልጅ ሆኜ፣ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ስንሄድ፣ ሱዳን የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ከዓመት በላይ ኖረናል። ከጉድጓዱ አጠገብ ዳቦ ለምትጋግር ሱዳናዊት ውሃ እቀዳላት ነበር፤ ቋንቋውን ያገኘሁት ከእሷ ነው። ባለቤቴ ሱዳንን ያለፈው ገና ጡት ሳይጥል፣ በእናቱ ጀርባ ላይ ነው። ሀደራ ከገባን በኋላ አረብኛ ተናግሬ አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ካይሮ ላይም ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ለመናገር ስሞክር ምላሴ ይተሳሰራል፤ መስማቱ ብቻ ግን በደስታ ያሰክረኝ ነበር።

ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ ወታደሮች ፈረንጆቹን ከአውቶቡስ እያስወረዱ ለደኅንነታችሁ በባቡር ሂዱ ይሏቸው ነበር። እኛን አንዴ ያዩንና ያልፉናል። መልካችን የአገሬው መልክ ነው። ባለቤቴ ይኼን በጣም ወደደው። «ሀደራ አውቶቡስ ላይ አፍጥጠው ያዩኛል፣ እዚህ የሚያየኝ የለም!» አለኝ በሹክሹክታ።

አስዋን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ቀትር ላይ፣ አውቶቡሱ ጭስ ተፋና ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን ከፍቶ ፊቱን በሻርፑ ሸፈነ። ሁላችንም ወርደን ከአውቶቡሱ ጥላ ሥር ተጠጋግተን ተቀመጥን። መሬቱ በጫማ ውስጥ ያቃጥላል። ውሃችን ገና ጠዋት አልቋል።

«የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር» አለ ባለቤቴ ደረቅ ከንፈሩን እየላሰ።

አጠገባችን ጥቁር ነጠላ የተከናነቡ፣ ቆዳቸው እንደኛ የጠቆረ አንዲት አሮጊት ጀሪካን ታቅፈው ተቀምጠው ነበር። አየኋቸው። አፌ ከእኔ ሳይማከር ተከፈተ።

«ያ ኻላ፣ ዳይራ ሞያ።» አክስቴ፣ ውሃ እፈልጋለሁ ማለት ነው።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩኝና ጮክ ብለው ሳቁ። ግብፆች ውሃን «ማያ» ነው የሚሉት፤ «ሞያ» የሱዳን ነው። «ሱዳናዊት! ሱዳናዊት!» እያሉ ጀሪካኑን አቀበሉኝ። ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ምንድን ነው ያልሻቸው?»

«ውሃ ስጡኝ ነው ያልኩት። ሞያ ውሃ ነው።»

«እኔ ባለሞያ አገባሁ ስል ለካ ባለውሃ ነው ያገባሁት! ደግሞ አረብኛ ትችያለሽ? አብረን ስንኖር አንድ ቀን አትነግሪኝም?»

«መቻሌን አሁን ነው ያወቅኩት» አልኩት፤ እውነቴን ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ! ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ከአሮጊቷ ጋር ስንጫወት ቆየን። የእህታቸው ልጅ ሠርግ ሊሄዱ ነው። «ሁለታችሁም ከእኔ ጋር ናችሁ» አሉ፤ ጠየቁን ማለት አይቻልም፣ ወሰኑልን።

መንደራቸው አባይ ዳር ነው። ግድግዳው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ግቢው ሰፊ ቤት አስገቡን። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ሙቀቱ መብረድ ሲጀምር ትልቅ ትሪ ሥጋ ቀረበ። እኛ ዳቦውን ብቻ እየቆረስን እንበላለን። አሮጊቷ አዩን።

«ታመሽ ነው ወይስ ንቀሽን?» አሉኝ።

ባለቤቴን ዞሬ አየሁት። ምን እንዳሉ ባይገባውም ፊቴን አይቶ ገብቶታል፤ «እንደፈለግሽ» አለኝ በዓይኑ። ዘወር አድርጎ ለማለፍ የሚሆን ቃል አልነበረኝም። የእኔ አረብኛ የልጅ አረብኛ ነው፤ ለእውነት ብቻ ነው የሚበቃው።

«እኛ አይሁድ ነን» አልኳቸው። «ቤታችን እስራኤል ነው። ይኼን ሥጋ አንበላም።»

አሮጊቷ ትሪውን ከፊታችን አነሡና ይዘው ወጡ።  ባለቤቴ ቦርሳዎቹን ወደ እግሩ ሳብ አደረገ። አሮጊቷ ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ቴምር፣ በሌላው ከነቅርፊቱ የተቀቀለ እንቁላል ይዘዋል።

«አይሁድ እንቁላል ይበላሉ?»

«ይበላሉ!»

«ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? ሰው ቤቴ ገብቶ ጦሙን ሊያድር!» ብለው አንዱን እንቁላል ራሳቸው ላጡልኝ። ቀጥለውም፣ «ከእስራኤል በፊትስ አገርሽ የት ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ጎንደር አጠገብ የምትገኝ መንደር ናት። አሁን የኛ ሰው ማንም የለባትም። የእርስዎስ መንደር ይኼው ነው?»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ደቡብ አመለከቱ። የአስዋን ግድብ ሲሠራ መንደራቸው ውሃ ውስጥ ገብቷል። የተወለዱበት ቤት፣ የቴምሩ ዛፍ፣ የእናታቸው መቃብር ሁሉ ከታች ነው። ይኼን ሲናገሩ አላለቀሱም፤ እጄን ግን ያዙ። እኔም የእሳቸውን ያዝኩ። 

ወዲያው ከበሮው ተመታና ይዘውኝ ተነሡ። ወንዶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እየተወዛወዙ ያጨበጭባሉ። ባለቤቴ ዳር ቆሞ በእግሩ ምቱን ሲለካ ቆየና ድንገት መሐል ገብቶ እስክስታውን ለቀቀው።  ከዚያ እልልታው ቀለጠ! ሕፃናቱ ከኋላው ተሰልፈው ትከሻቸውን ለማንቀጥቀጥ ይታገላሉ፤ ሙሽራው ራሱ ወርዶ ፊት ለፊቱ ገጠመው። እኔም ገባሁ። አባይ ከግቢው ወዲያ ይፈሳል፤ ከአገራችን የመጣ ውሃ ነው። በሕይወቴ እንዲያ የጨፈርኩበትን ቀን አላስታውስም፤ ሠርጌን ጨምሮ።

እንዳልነውም በሁለት ሳምንታችን ተመለስን። በሰንበት አባቴ የጊቫት ኦልጋ ጓደኞቹን ሰብስቦ ጠበቀን። ሁሉም ሱዳንን አቋርጠው የመጡ ሽማግሎች ናቸው። ከአሮጊቷ ጋር የተባባልነውን በአረብኛው ነገርኳቸው። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ በዝግታ «ዔሽ» አሉ። ዳቦ ነው። ሌላው «ሱከር» አሉ፤ ስኳር ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ዶክተር የሚጠራበትን ቃል አመጡ። ለዓመታት በአንድ ሕንፃ ሲኖሩ፣ አንዱ የሌላውን አረብኛ ሰምቶ አያውቅም ነበር። ቤቱ በሳቅና በቃል ተሞላ።

ከሁሉ የባሰችው እናቴ ናት። ከማድ ቤት ወጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ላ! ላ! ዳ ጋሊ!» ስትል ጮኸች። አይሆንም፣ ውድ ነው ማለቷ ነው፤ የሱዳን ገበያ ክርክሯ። አባቴ ከሳቁ ብዛት መነጽሩን አውልቆ እንባውን ሲጠርግ ሳየው፣ ባለቤቴ አጋጣሚውን ሳያሳልፍ ሌላ ካርታ ከኪሱ ማውጣት ጀምሮ ነበር።