ለዳለቻ የመረግነው ቤት

ትናንት በጀሞ በኩል ሳልፍ ሰዎች ግድግዳ ሲመርጉ አየሁ። ጭድ ገብቶበት የሰነበተው ጭቃ ሲሸተኝ ልቤ መካኒሳ አቦ፣ አያቴ ግቢ ገባ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኔ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ። ክረምቱ ሊገባ ሲል አያቴ፣ «ዳለቻን ዘንድሮ ብርድ እንዳይጎዳት በረቷን እንምረግላት» አሉኝ። ዳለቻ ከጥጃነቷ ጀምሮ ከእጄ ጨው እየላሰች ያደገች ላማችን ናት። ደስ ብሎኝ ጭቃውን በእግሬ ረገጥኩ፤ ቀዳዳውን ሁሉ በመዳፌ ደፈንኩ። ከጣሪያው ሥር የማዳበሪያ ጆንያ እንደ ኮርኒስ ወጠርን። አያቴ ከላይ ትንሽ መስኮት ከፈቱና፣ «ሙቀት ብቻውን ያፍናል፤ ትንፋሽ መውጫ ይፈልጋል» አሉኝ።

ግድግዳው በደረቀ ማግስት ከትምህርት ቤት ስመለስ በረቱ ውስጥ አልጋ ተዘርግቷል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ከባሏ ጋር ዕቃ ታስገባለች።

«ዳለቻስ?» አልኩ።

«ተሸጠች» አሉ አያቴ። «ቤቱ ለተከራይ ነው። ለላሟ ነው ባልልሽ ኖሮ እንዲህ ትለፊልኝ ነበር?»

ጭቃው ገና ከጥፍሬ ውስጥ አልወጣም ነበር።

ሴትዮዋ ግድግዳውን እየዳበሰች፣ «እንዴት ይሞቃል! የሠራው እጅ ይባረክ» አለች።

አያቴ ወደ እኔ እያመለከቱ፣ «እሷ ናት የሠራችው» ብለው ፈገግ አሉ። «አሜን በይ እንጂ!»

አያቴ ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆናቸው፤ ያንን አሜን ግን እስከ ዛሬ አላልኩትም።