አውሮፕላን ጠራጊዋ የመሪጌታ ልጅ

ከወገዳ የወጣሁት ገና ወፍ ሲንጫጫ ነው። አባባ፣ የደብራችን መሪጌታ፣ ዳዊታቸውን በብብታቸው ይዘው እስከ አውቶቡሱ ሸኙኝ። «አውሮፕላን ነው የምትማሪው? እንግዲህ እግዜር ይከተልሽ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። እንባቸውን እንዳላይባቸው ነው፤ አየሁባቸው እንጂ!

ጀርመን፣ ሃምቡርግ ስደርስ ታዲያ ብርዱ! የጉና ተራራን ውርጭ ችዬ የኖርሁት ሴት አፈርሁ። ዳቧቸው ከዳጉሳ ቂጣ ይጠቁራል። ትምህርቴን በእንግሊዝኛ ጨርሼ ሥራ እንደያዝሁ፣ ጀርመንኛዬ ገና ዳዴ ሲል የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ሄድሁ።

«ሥራ?» አለችኝ ጸሐፊዋ።

«ንጹሕ አውሮፕላን» አልሁ፣ ጭስ የማያበዛ ማለቴ ነው።

ቀና ብላ መልኬን አየችና «ጽዳት» ብላ ጻፈች።

«ኧረ እኔ መሐንዲስ ነኝ!»

«አይዞሽ፣ ጽዳትም ሥራ ነው» አትለኝም! እስክታስተካክለው ድረስ ከወንበሬ ንቅንቅ አላልሁም።

የባሰው ግን አገር ቤት ጠበቀኝ። ለአባባ በስልክ «አውሮፕላን ንጹሕ እንዲሆን ነው የምሠራ» ብያቸው ነበር። ለካስ ገበያው ሁሉ «የመሪጌታ ልጅ ተምራ ተምራ አውሮፕላን ጠራጊ ሆነች» ይላል። የነገረችኝ እህቴ ናት። አባባ አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት የነደፍነው ክንፍ የነፋስ ሙከራውን አለፈ። የመጀመሪያውን ንድፍ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ምን አስደበቀኝ! እዚያው ቆሜ ደወልሁ።

«አባባ፣ እኔ አውሮፕላን አልጠርግም፤ ክንፉን ነው የምሠራ። ረጅምና ቀጭን ስናደርገው ነፋሱ ብዙ አይታገለውም። በትንሽ ነዳጅ ውቅያኖስ ያቋርጣል፣ ጭሱም ያንሳል።»

«ቀጭን፣ ጥቂት በልቶ ሩቅ የሚሄድ… ባሕታዊ ነዋ!» አሉ።

«ባሕታዊ ነው አባባ!»

ሳቃቸው ጆሮዬን ሞላው። «ጠራጊም ብትሆኚ አላፍርብሽም ነበር። እሑድ ግን ቅዳሴ ሲወጣ ለሁሉም እነግርልሻለሁ።» ኮራሁ፤ አልዋሽም፣ አለቀስሁም።

«መቼ ነው የሚበረው?»

«ገና ዓመታት ይፈጃል። ሲያልቅ በእሱ እመጣለሁ፣ አባባ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ አርጅቻለሁ። ባሕታዊውን አትጠብቂ። በሚያጨሰውም ቢሆን ነይ።»