የቆረበ አፍ

ፖሊሱ ደውሎ «እናትዎን ይዘው ይምጡ» ሲለኝ ፒያሳ ሱቄ ውስጥ ባንኮኒው ላይ ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር። መቀሱን አስቀምጬ ሰማሁት። ባሕር ማዶ አንዲት ጀልባ ሰጥማ፣ የዚያ አገር ፖሊስ ማንነታቸው ያልታወቀ አስከሬኖች አግኝቷል። በሕይወት የተረፈ አንድ ልጅ አብረውት ከተሳፈሩት መካከል የወንድሜን ስም ጠርቷል። ስለዚህ የእነሱ ፖሊስ ለእኛ ፖሊስ ጽፎ የእናት ምራቅ ጠየቀ፤ ከአስከሬኖቹ ጋር ሊያመሳክሩት። የእህት አይሆንም ወይ ብል፣ የእናት ይሻላል አለኝ። ወንድሜን ያሻገረውን ደላላ ለመያዝ ግን እንዲህ ሲጻጻፉ አልሰማሁም።

ለእማዬ ስነግራት አላለቀሰችም። «እሺ፣ እንሄዳለን» ብላ ነጠላዋን ማጠብ ጀመረች። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ብነሳ ግን የለችም። ከሥላሴ የተመለሰችው አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነው።

«ቆርቤያለሁ። ዛሬ ከአፌ ምንም አይወጣም።»

የቆረበ ሰው እንደማይተፋ ማን ያጣዋል? ፖሊሱም አማኝ ነው መሰለኝ፣ ስነግረው «በሉ ሌላ ቀን ይምጡ» አለ። በሌላው ቀንም ቆረበች። ከዚያም በኋላ። አንዱ ታቦት ባይሆን ሌላው ወርኃዊ በዓል አያጣም።

በመጨረሻ ተናደድኩ። «ቁርባኑን መደበቂያ አደረግሽው እኮ!» ብዬ ጮኽኩባት። እሪ በከንቱ ሰፈር ያለው ቤታችን ግድግዳው ስስ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

«ምራቄን እስካልሰጠኋቸው ድረስ ልጄ አልሞተም» አለች።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ቀጠሮው ባለፈ ቁጥር ቀለል ይለኝ ነበር። እሷ በቁርባኗ፣ እኔ በቁጣዬ፣ ሁለታችንም የፈራነው ያንኑ ነው።

አንድ ቀን ራሷ ቀሰቀሰችኝ። «እሱ ከሆነ ያለ ፍትሐት ይቅር እንዴ? ተነሺ።» አራት ኪሎ እስካለው ፖሊስ ቢሮ በእግራችን ሄድን።

ፖሊሱ ጓንቱን አጥልቆ ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበትን ስንጥር አወጣ። «አፍዎን ይክፈቱልኝ፣ እናቴ።» እማዬ ልክ ቁርባን እንደምትቀበል ነጠላዋን አገጯ ሥር ዘርግታ አፏን ከፈተች። ሲጨርስ ጠየቀችው።

«መቼ ትነግሩናላችሁ፣ ልጄ?»

«ከተመሳሰለ እንደውላለን። ካልተመሳሰለ ላንደውል እንችላለን።»

የእኔን ስልክ ቁጥር ሰጠሁት።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ የማይታይ ጥሪ ሲመጣ መቀሴን አስቀምጬ ስልኩ ላይ አፈጣለሁ። ከፖሊስ ቢሮው የሚደወለው እንደዚያ ነው። ወንድሜም በየመንገዱ ከሰው ስልክ ሲደውልልን ቁጥሩ ታይቶ አያውቅም።

ትናንት ራት ላይ ስልኬ ጠራ። ቁጥር የለውም። እማዬ ወጥ የነካ እጇን ሳትጠርግ እጄን ጨበጠችው። ላንሳው አላልኳት፣ ተይው አላለችኝም። ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ።

«ተመስገን» አለች።

እጄን ግን አልለቀቀችውም። ዓይን ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ።

«እሱ ከነበረስ?»