የቨርና ሃውገን ድምፅና የሐይቁ ጎጆ

ቨርና ሃውገን የምክር ቤት ድምፅዋን ሸጠች አሉ። የሸጠችውም ለቤት ሠሪው ለከርት ብሬኬ ነው። ዋጋው፣ በብርዱ ረግቶ በረዶ በሆነው ሐይቃችን ላይ የቆመ የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ፤ ምድጃ ያለው፣ ምንጣፍ ያለው፣ አንዳንዶች እንደሚምሉት ሻወር ያለው። በዚያ ላይ ምራቂ፣ ለልጇ ለኔልስ አንድ አዲስ ቤት በግማሽ ዋጋ።

እኔ አላመንኩም። ቨርና የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት፤ ከከተማው ምክር ቤት አምስት ወንበሮችም አንዱ የእሷ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስትነዳ ከተማሪ እናት አንዲት ብስኩት ተቀብላ አታውቅም። በገና ሰሞን ካልሲ ቢሰጧት፣ «ሴትዮዋ እግር የላትም እንዴ?» እስኪባል ድረስ መልሳዋለች።

ታዲያ ጠይቆ መገላገል በከተማችን በኖርድቪክ ነውር ነው። እኛ የጎረቤታችን ቤት ሲቃጠል እንኳ «ዛሬ ሞቅ ብሏል፣ አይደል?» ብለን ነው የምንጀምረው። ስለዚህ ወሬውን የሰማ ሁሉ ድንችና ሥጋ የተጋገረበት ትሪ ይዞ በሯን ያንኳኳል፤ ስለ አየሩ ያወራል፤ ፊቷን ሰርቆ ያያል፤ ይሄዳል። ወሩ ሳያልቅ የቨርና ውሻ ጥጃ አከለ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ብሬኬ በሐይቁ ዳር ቤት ላይ ቤት ይሠራል፤ ልጆች እንደ አሸን ፈሉ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ያው ነው። የተረፉት ግቢው ውስጥ በቆሙ የቆርቆሮ ተጎታቾች ይማራሉ። በጓንት ስለሚጽፉ የትውልዱ እጅ ጽሑፍ በሙሉ የሐኪም ሆኗል። ምክር ቤቱ በእያንዳንዱ አዲስ ቤት ላይ ቀረጥ ጥሎ ክፍሎች ሊሠራ አሰበ። ኔልስ ደግሞ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ቤት ሊገዛ ብሬኬን አነጋግሯል። ቀረጡ ከጸደቀ አቅሙ አይደርስም፤ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ ወደ አማቶቹ አገር መሄዱ ነው።

ድምፅ የሚሰጥበት ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ሁለት ደገፉ፤ ሁለት ተቃወሙ። የቀረችው ቨርና ናት። ኔልስ ከኋላ የሚስቱን እጅ ጨብጦ ተቀምጧል። የማሞቂያው ቧንቧ ኳ ሲል ሰው ሁሉ ደነገጠ።

ብሬኬ ተነሣ። «ቨርና፣ አንቺም እናት ነሽ፤ ልጅሽን አስቢ እንጂ!»

«ቁጭ በል ከርት፣ የመናገሪያ ጊዜህ አልቋል» አለው ከንቲባው።

«እኔ እኮ ለእሷ ብዬ ነው!»

«ለእኔ አትጨነቅ፣ ትከሳለህ» አለችው ቨርና። ብሬኬ በር የማይበቃው ሰው ነው፤ ማንም ግን አልሳቀም።

እጇን አነሳች፤ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ልጇን አየችው። ኔልስ ዓይኑን ሰበረ።

«እደግፋለሁ» አለች።

«ምን አልሽ?» አለ ከንቲባው፤ አልሰማም።

እንደገና ልትለው ነው። ላብ በጆሮ ግንዷ ሲወርድ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል።

«እደግፋለሁ አልኩ እኮ! ቀረጡ ይጣል!»

ኔልስ ለሚስቱ ካፖርቷን አልብሷት ወጣ። ቨርና በሩ እስኪዘጋ በዓይኗ ሸኘቻቸው።

በማግስቱ ካፌ ስንገናኝ ወሬው ይሞታል ስል ጭራሽ ወፈረ። «ጎጆውን ከተረከበች በኋላ ነው የካደችው፤ ብልጥ!» አለ ፖስተኛው ሃርላን። «የልጇንም ቤት አስቀድማ ጨርሳለች፤ ምን ቸገራት?» ወዲያው ቨርና ከአውቶቡሷ ወርዳ ገባች። ሁላችንም ስለ አየሩ ማውራት ጀመርን።

እኔ ግን አልቻልኩም። ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ ማንም ያላደረገውን አደረግኩ።

«ቨርናዬ፣ እውነት ነው እንዴ?»

የሃርላን ማንኪያ ወደቀ።

«ምኑ?» አለችኝ።

ጎጆውን፣ ምድጃውን፣ ሻወሩን፣ ግማሽ ዋጋውን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች።

«ከርት ብሬኬ አንዲት ሚስማር አልሰጠኝም። ጎጆ የለኝም፤ በረዶ እፈራለሁ፤ እግሬ ሐይቁን ረግጦ አያውቅም። ድምፄን ለማንም አልሸጥኩም። ኔልስም በግማሽ ዋጋ ይቅርና በሙሉውም ቤት አላገኘም፤ ዛሬ ጠዋት ዕቃውን ጭኖ ሄዷል።»