ጭማሪ ከፎጣ ስር

ፈሪ ነኝ። ፖከር የምጫወተውም እንደ ፈሪ ነው፤ ካርታዬን አያለሁ፣ እጥላለሁ። ግን ፈሪነትም ጥቅም አለው፤ ሲጥል የዋለ ሰው አንድ ጊዜ ሲጨምር ይታመናል።

ያን እሁድ ከሰዓት፣ ሞያሌ ኬንያ በኩል ባለ ሆቴል ጓሮ፣ ይህንኑ ብዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስጥል ቆየሁ። ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ የግመል ደላላ አምስት ሺህ ሽልንግ ጨመሩ። በእጄ አንድ አስና አንድ አምስት ነበር፤ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንዱ አስ እኔ ዘንድ ካለ እሳቸው ጥንድ አስ መያዛቸው ያጠራጥራል ብዬ አሰላሁና በጭማሪያቸው ላይ ጨመርኩ። የቀረኝን ገንዘብ ሁሉ ገፋሁ፣ የሞተሬንም ቁልፍ ከላዩ አኖርኩት።

ሞተሩ የተገዛው በሚስቴ የአንገት ወርቅ ነው። ከኦዳና ከጎዶማ መንደሮች ሰው እያመላለስኩ የምንበላው በእሱ ነው። ቁልፉ ከእጄ ሲወጣ፣ ምን ነካኝ? አልኩ፤ መመለስ ግን የለም።

ሽማግሌው ካርታቸውን ደግመው አላዩም። የትከሻቸውን ፎጣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እጃቸውን ከስሩ ሰደዱ። በከብት ገበያ ዋጋ የሚነጋገሩት እንዲህ ነው፤ ሌላው እንዳይሰማ፣ ጣት ለጣት ተያይዘው።

«ሃያ፣ ኪጃና፣» አሉኝ፤ በስዋሂሊ በል ወጣቱ፣ ማለታቸው ነው። «ዋጋህን በጣት ንገረኝ።»

«ኦቦ፣ ይሄ እኮ ካርታ ነው።»

«እጅህን ትነፍገኛለህ?»

የሽማግሌ እጅ አይገፋም፤ ሰጠኋቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ጣት ሲያነቡ የኖሩ ናቸው። በዚያ ሙቀት እጄ በላብ ርሶ በረዶ ሆኗል፤ አንዷ ጣቴ ብቻዋን ትዘላለች። ላስቆማት ብሞክር ባሰባት። አለቀልኝ፣ ምን ብዬ ቤት እገባለሁ አልኩ በልቤ።

ቆይተው ለቀቁኝ። ካርታቸውን ገልጠው እንደ ተሸናፊ ጣሉት፤ የእኔን የሚበላ ጥንድ ንጉሥ።

«ቁልፍህን አንሳ። እንዲህ የሚንቀጠቀጥ እንስሳ ገዝቼ አላውቅም፤ መንገድ ላይ ይሞታል።»

ጠረጴዛውን የከበቡት ተጫዋቾች ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ ቁልፉን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ጣቶቼን ነካች፣ እዚያው ያዘቻቸው።

«ምን አስይዘህ ነው?» አለችኝ።

መዋሸት አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ቁልፉ የሚያድረው እሷ ዘንድ ነው። ጠዋት ስትሰጠኝ እጄን ትይዘዋለች፤ ማታ ስመልስላትም እንደዚያው። ካርታ ከነካሁ ከርሜያለሁ፤ እጄ ግን እሷ ስትይዘው ይቀዘቅዛል።